በሪባኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ

ባለጉንጉኗ ሴትዮ የአበባ ጉንጉን መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጉንጉን አንዱም በሕይወት ላለ ሰው ተሠርቶ አያውቅም። ሱቃቸው አንድ በር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና የጥድ ቅርንጫፍ የተነከረባቸው አራት ባልዲዎች ናት። ጎረቤቱ መልካም ሰው ነው፤ ሰላምታ አይነፍጋቸውም። ብቻ ጉንጉን ተሸክመው ሲወጡ ካያቸው ድንገት ከመንገዱ ማዶ ጉዳይ ትዝ ይለዋል።

ምራታቸው ግን መንገድ በመሻገር አልተወሰነችም። “እማማ፣ አይቀየሙኝ። ልጄ የሬሣ አበባ መሀል አታድግም” ብላ ቁርጡን ከነገረቻቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙት በልጃቸው ቤት፣ ሶፋ ላይ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ነው።

በገና ሳምንት መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘጋ፤ ልጅ ጠባቂዋም ታመመች። ምራትየው የፋብሪካ ፈረቃ ነበረባትና ቸግሯት ልጅቷን ይዛ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ አያቷ “ወላቃዋ” ይሏታል።

“ለዛሬ ብቻ ነው” አለች ምራትየው፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ በሩ ላይ እንደቆመች። “እስቲ ዛሬን እንየው።”

ባለጉንጉኗ ከዚህ ሁሉ የሰሙት “እንየው” የምትለዋን ብቻ ነበር። ዛሬ ደህና ካለፈ ነገ አለ ማለት ነው።

ወላቃዋ ብቻዋን መዋልን አልለመደችም። ገና ረፋዱ ላይ ከማዶ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ መንታዎችና የጎረቤቷን ነርስ ልጅ ጠርታ አስገባች። ከቤት ያመጣችውን የሥዕል መጽሐፍም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

“አያቴ፣ ይሄ ያንቺ ክብ አይደል?”

ሥዕሉ ላይ አንድ ቤት አለ፤ በሩ ላይ ጉንጉን ተሰቅሏል።

“ማን ሞቶባቸው ነው?”

“ማንም! የገና ነው። በሩ እንዲያምር ነው።”

“እንዲያምር ብቻ?” ባለጉንጉኗ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን መረመሩት። “አሠራሩ ልል ነው” አሉ። “ኑ፣ ጥብቅ ያለውን ላሳያችሁ።”

ለእያንዳንዱ ልጅ የሽቦ ቀለበት ቆለመሙ። ጥዱን በመዳፍ ልክ ቆራረጡና ሦስት ሦስቱን ባንድ እያሰሩ አሳዩ፤ የፊተኛውን እግር የኋለኛው ራስ እንዲሸፍነው ነው፣ ሽቦው እንዳይታይ። ልጆቹ ሰሙ፤ ከዚያ የመሰላቸውን ሠሩ። የአንደኛው መንታ ጥድ በሙሉ ወደ ታች ተከምሮ ጢም ያወጣ ሰው መሰለ። ሌላው ከሽቦው ይልቅ የገዛ ጣቱን አሰረ። የነርሷ ልጅ ቀይ ቁልፎች እየሰካች “ፍሬ ነው” አለች። ባለጉንጉኗ አፍርሰው ሊያቃኑ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። እንዲህ ራሳቸውን የገዙት ለነገ ሲሉ ነው።

እጅ ግን የራሱ አመል አለው። ጉንጉኖቹ እንዳለቁ የባለጉንጉኗ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ወይን ጠጁን የለቅሶ ሪባን ሳበ፣ ተለጣፊዎቹ የወርቅ ፊደላት ያሉበትን ሣጥን ከፈተ፤ አፋቸውም ሠላሳ አንድ ዓመት የጠየቀውን ጠየቀ።

“ስም?”

ልጆቹ እየተሻሙ ስማቸውን ተናገሩ። እያንዳንዱ ስም በየሪባኑ መሀል ላይ፣ ለብቻው፣ ቀጥ ብሎ ተለጠፈ። ከሁሉ ያማረው የወላቃዋ ነበር። ልጆቹ ለእናቶቻቸው ሊያሳዩ ሲሮጡ ባለጉንጉኗ ወገባቸውን ይዘው “ደህና ዋልን” አሉ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነች፣ ሁለቱን ጉንጉኖች እንደሚያቃጥል ነገር ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ገባች፤ መንታዎቹም ተከትለዋታል።

“ኧረ ጉድ! ልጆቼን በቁማቸው ቀበሯቸው እኮ! ምን አደረግሁዎት?”

ከኋላዋ ነርሷ ልጇን ይዛ መጣች፤ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች በቤት ጫማዋ ነው። “እኔ ሞት በየቀኑ አያለሁ” አለች ቀስ ብላ። “የልጄን ስም በዚህ ሪባን ሳየው ግን ጫማ እንኳ ሳልቀይር ሮጬ መጣሁ።”

ባለጉንጉኗ ሪባኑን ያኔ ገና እንደ ሌላው ሰው አዩት። ክው አሉ። “እጄ ነው… ለምዶ ነው” አሉና መቀሱን አነሡ።

“ስሜን አትቁረጪብኝ!” ብሎ ጮኸ አንደኛው መንታ። እናቱ ይህን ስትሰማ ይባስ ብላ ጆሮዋን ያዘች።

ምራትየው ከፈረቃዋ ወጥታ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። በሩ ላይ ቆማ በልጇ እጅ ያለውን ጉንጉን አነበበች። ባለጉንጉኗ “እንየው ያለችው ታየ” ብለው መቀሱን አስቀመጡ።

“አያቴ” አለች ወላቃዋ፣ “የሞተ ሰው ሪባኑ ላይ ብቻውን ነው?”

“አዎ፣ የኔ ልጅ። ብቻውን ነው።”

“ይሄ ግን ለገና በራችን ላይ የሚሰቀል ነው፤ ቤታችን ደግሞ እኔ ብቻዬን አይደለሁም። አባዬንም ጻፊው፣ እማዬንም።”

ነርሷ የልጇን ሪባን ዞር አድርጋ አየችው። “እውነትም” አለች፤ “በር የአንድ ሰው አይደለም። እስቲ እኔን ይጨምሩኝ።”

“እናንተ ቤት ማን ማን አለ?” አሉ ባለጉንጉኗ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ።

“ድመቷም አለች!” አሉ መንታዎቹ።

“ኤዲያ!” አለች እናታቸው። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ “እንግዲያስ ድመቷ ትቅደም፤ ባሌ ከሷ ቀጥሎ ይሁን። ቤት የሚገቡት በዚሁ ተራ ነው።”

ሪባኖቹ ረዘሙ፤ ስሞቹ ተጨናንቀው እርስ በርስ ተረጋገጡ። ባለጉንጉኗ በዕድሜያቸው እንዲህ የተንጋደደ ጽሑፍ ከሱቃቸው አውጥተው አያውቁም። ነርሷ፣ “ይሄን ያህል ዘመድ ይዞ የሞተ አላየሁም” ብላ ልጇን እየጎተተች ሄደች። መንታዎቹም እናታቸውን ተከትለው ወጡ።

የቀረው የወላቃዋ ብቻ ነው። ምራትየው ደፉን አልፋ ገባችና ከባልዲዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። አባትና እናት ተለጠፉ።

“አያቴስ?” አለች ልጅቷ።

“እኔን ተይኝ። ተራዬ ሲደርስ ለብቻዬ ይጻፍልኛል” አሉ ባለጉንጉኗ።

ምራትየው ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ፊደል ፈለገች። ከአማቷ ስም አራት ፊደሎች ሁለቱ አልቀዋል። ያሉትን ለጠፈች፤ የጎደሉትን ከቦርሳዋ ባወጣችው እስክሪብቶ፣ እንዲደምቁ ሁለት ሁለት ጊዜ እየደገመች ጻፈቻቸው።

“ፊደል ያስመጡ፣ እማማ” አለች ስትነሣ። “ነገም ፈረቃ አለብኝ።”

“እሺ” አሉ ባለጉንጉኗ፤ የነገውን ጥድ ሊነክሩም ባልዲ አነሡ።