የአሥራ ሰባተኛው ቀን ሰዓት

ሠላሳ አንድ የእጅ ሰዓት ነበረው፤ ሁሉም አሮጌ፣ ሁሉም አውቶማቲክ። ባትሪ የሚባል ነገር አይወድም፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ በሻማ ቢደናበር ይመርጣል። እያንዳንዷ ሰዓት ከፈረንጁ ወር አንድ ቀን ተሰጥቷታል። አንደኛዋ ወር ሲገባ ትታሰራለች፣ ሁለተኛዋ በማግስቱ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሠላሳ አንደኛዋ ድረስ። የመጨረሻዋ በዓመት ሰባት ቀን ብቻ ስለምትሠራ ሚስቱ «ያለ ሥራ ደመወዝ የምትበላው» ትላታለች።

ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። መሪውን ባዞረ ቁጥር ሰዓቷ ራሷን ትሞላለች፤ አውቶማቲክ ማለት ይኸው ነው። ክንድ ሲወዛወዝ በሆዷ ያለው ግማሽ ክብ ብረት ይዞራል፣ እሷም ትሄዳለች። ክንድ ዝም ካለ ትቆማለች። ሰፈሩ «ጋሽ ደቂቃ» የሚል ስም ያወጣለት በዚያ ዘመን ነው። ጋሽ ደቂቃ ሕግም ነበረው፦ «ያልታሰረች ሰዓት የሞተች ናት። የማያስራት ሰው ለሚያስራት ይልቀቃት!» በዚህ ሕግ ስንቱን ሰብሳቢ ወዳጁን በገዛ ሳሎኑ አሸማቆታል። ሰዓት በመስታወት ሣጥን ደርድሮ ያየውን ሰው «ቀብር አስፈጻሚ» ይለው ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መጣና ግራ እጁን ይዞበት ሄደ።

አራት ወር ሆነው። እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ሠላሳ አንዱም ሰዓቶች ቆሙ። «በቀኝህ እሰር» አሉት። በቀኝ ለማሰር የግራ ጣት ያስፈልጋል። ሰው እንዲያስርለት ደግሞ አይሆንም፤ ሕፃን ነው እንዴ?

አንድ ልጅ አለችው፣ ፋርማሲስት ናት፣ ነገር አታድበሰብስም። «አባዬ» አለችው፣ «ዘይታቸው እየደረቀ ነው። አንድ የማውቀው የሰዓት ነጋዴ አለ፤ ለሚያስራቸው እንልቀቃቸው። ያንተው ሕግ ነው እኮ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ጋሽ ደቂቃ ቱግ አለ። «እሺ! ያ ነጋዴሽ ቅዳሜ ይምጣ፣ ቀኑ አሥራ ሰባት ነው። በግራ እጄ ያለችውን ቆማ ካገኛት ሁሉንም ይውሰድ። ስትሄድ ካገኛት ግን ሁለተኛ መሸጥ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የቀኑን ሰዓት በግራ እጁ ያስርና እጁን የምታፍታታለት የሕክምና ባለሙያ የሰጠችውን የመለማመጃ ላስቲክ ሊጎትት ይታገላል። ላቡ ጠብ ይላል፣ እጁ አይነቃነቅም። ሰዓቷ ስትታሰር በተወዛወዘችው ልክ ጥቂት ሄዳ ቀጥ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ግን ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ጆሮው ሰማ። ትሄዳለች! ልቡ ቅቤ ጠጣ። መስኮቱን ከፍቶ ከመንገዱ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ «ሄደች!» ብሎ ጮኸ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱም ሄደች፤ ከዚያም በየቀኑ። ሁልጊዜ ከእንቅልፉ በኋላ ነበር። ይህንንም ራሱ ተነተነው፦ ጠዋት ዘይቷ የረጋ ነው፣ ክንዱ ሲሞቅ ይፈታል። አርባ ዓመት የሰዓት በሽታ በጆሮው ሲለይ የኖረ ሰው ይህን አመነ። ሰው የፈለገውን ሲያምን ዕውቀት አያግደውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ነጋዴው የተቀጠረው ለአሥር ሰዓት ነው። ጋሽ ደቂቃ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነቃ፤ አሥራ ሰባተኛዋ እየሄደች ነበር። ደስ ብሎት ክንዱን በቀኝ እጁ አንስቶ አቀረባትና ዓይኑ ማሰሪያዋ ላይ ቀረ። ቆዳው አዲስ ነው፣ ከመታመሙ በፊት የገጠመላት፣ ከዛሬ ጠዋት በቀር ያልታሰረ። አራተኛው ቀዳዳ ላይ የእሱ ዘለበት ያጠፈው መስመር አለ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይም ሌላ መስመር አለ። በዚያ ቤት ሁለተኛው ቀዳዳ የሚበቃው ክንድ አንድ ብቻ ነው።

«ነይ እስቲ» አላት ሚስቱን። «እጅሽን አሳዪኝ።»

ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ የዘለበቱ ምልክት ገና አልጠፋም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው ቀን» አለች ሳታፍር። «አንተ ስታንኮራፋ እፈታትና በእጄ አስሬ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ሳትነቃ መልሼ አስርልሃለሁ። ሸሚዞችህን ሁለት ሁለቴ ተኩሻለሁ። የሚተኮስ ሲያልቅብኝ መጋረጃ አወረድኩ። ምን ላድርግ? የጠዋት ፊትህን ማየት አንጀቴ አልችል አለ።»

ከውሸቱ ይልቅ ሌላ ነገር አንገበገበው። በየቀኑ ሰዓቷን ስትፈታም ስታስርም እጁን ይዛዋለች፤ እጁ ግን አንድም ቀን አልነገረውም።

«አሁን ዝም በል» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስትሄድ ያገኛታል፣ ነገሩም ያልቃል። እኔ አልናገር፣ ሰዓቷ አትናገር።»

በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ከነጋዴው ጋር ገባች። ነጋዴው አጉሊ መነጽሩን በአንገቱ ያንጠለጠለ ትሑት ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን አየና «ትሄዳለች እኮ!» አለ።

ልጅቱ ቦርሳዋን ጣለች። «አባዬ! እጅህ!» ብላ ተንበርክካ ያንን የማይሰማ እጅ ስትስም እንባዋ ወረደ። ስለ ሰዓቶቹ አንድ ቃል አላነሳችም። ሚስቱ ከጓዳው በር ሆና በዓይኗ ትለምነዋለች። ዝም ቢል ሠላሳ አንዱም የእሱ ናቸው።

«ተነሽ» አላት። «እጄ አልተነሳም። ያስኬደቻት እናትሽ ናት።»

ልብስ ሰፊው ከማዶ በመስኮቱ «ጋሽ ደቂቃ፣ ዛሬስ እንዴት ናት?» ሲል ተጣራ።

«ውሸት ነበር!» ብሎ መለሰ፣ መስታወቱ እስኪርገበገብ። «እጄ አልሠራም! ላወራህለት ሁሉ ንገርልኝ!»

ነጋዴው ሰዓቶቹን ሊጠቀልልበት ጥቁር ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ቃል ቃል ነው።»

«ጨርቅህን አንሳ።»

«ራስዎ ባወጡት ሕግ እኮ…»

«ሕጉን ሳወጣ ሁለት እጅ ነበረኝ። ሁለት እጅ ላለው ሰው የወጣ ሕግ ነው፤ በአንድ እጄ ሽሬዋለሁ! ቃሉን አጠፈ ብለህ ሰብሳቢ ለተባለ ሁሉ አውራ። አጥፌአለሁ። ሰዓቶቼ ግን ከዚህ ቤት አይወጡም።»

«ታዲያ ማን ያስራቸዋል?» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች፤ አሁን ተቆጥታለች። «ቆመው ሊቀሩ ነው?»

«እናትሽ ሁለት እጅ አላት። አንቺም ሁለት አለሽ። እኔ አንድ አለኝ። አምስት እጅ ካለበት ቤት ሰዓት አይሸጥም!»

ይህን ብሎ አሥራ ሰባተኛዋን በቀኝ ጣቶቹ ከሞተው ክንዱ ፈታት፣ ለሚስቱ ሰጣት፣ ቀኝ እጁን ዘረጋላት። አፍሮ ነበር፤ ፊቱ ቀልቷል፤ እጁን ግን አላጠፈም። ሚስቱም እንደ ሌባ ተደብቃ ሳይሆን፣ ዓይኑ እያየ አሰረችለት።

ልጅቱም የሰዓቶቹን መሳቢያ ከፍታ አንዷን አነሳችና እጇ ላይ አጠለቀቻት። ሰዓቷ ዞራ ከክንዷ ሥር ተንጠለጠለች።

ነጋዴው ጨርቁን እያጠፈ ነበር፤ ሙያ ሆነበትና «ቀዳዳ መጨመር አለባት» አለ።

«መብሻ ይዘሃል?» አለው ጋሽ ደቂቃ።

«ይዣለሁ፤ ግን እኔ የመጣሁት…»

«ለምን እንደመጣህማ አውቃለሁ። ተቀመጥና ብሳ። ስትጨርስ ሌሎቹን አመጣልሃለሁ።»