አባሪ አራት

ባትመጣ ኖሮ ይሻል ነበር፣ ከሁለተኛው ረድፍ እጇን ባታውለበልብ፣ የሺ! የሺ! እያለች አዳራሹን ሁሉ ባታዞር፣ እንደ እናቷ አዴ የምትላት ፋዱማ ናት፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሃያ ዓመት ሽንኩርትና ቃሪያ የሸጠች ሴት፣ ዛሬ የነጋዴዎቹ ተወካይ ተብላ በአማካሪ ድርጅቱ መኪና መጥታለች፣ አዲስ ሻሽ አስራለች፣ የሺመቤትም ሪፖርቱን በስላይድ ልታሳይ ከመድረኩ አጠገብ ሆና እጇን ታነሳላታለች፣ ምን ታድርግ።

አሥራ አራተኛው ስላይድ ነው ጉዱ። እስከ አሥራ ሦስት ምንም አይል፣ ካርታ ነው፣ ጎርፍ ነው፣ ጎርፉ ደግሞ እውነት ነው፣ ሲመጣ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሴቶቹስ መቼ ካዱ፣ እንነሳ፣ ግን ከከተማ አውጥታችሁ አትጣሉን፣ እዚያ ድረስ ሽንኩርት ፍለጋ የሚመጣው ማን ነው፣ ጅብ ነው? ብላ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ያሳቀቻቸው ይቺው ፋዱማ አይደለችም? ተስቆ ተበተነ። ሪፖርቱ ውስጥ ጅቡ የለም። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው፣ ባለድርሻ አካላት በአዲሱ የገበያ ቦታ ላይ ሙሉ ስምምነታቸውን ገልጸዋል፣ ማስረጃ፣ አባሪ አራት፣ ሰማንያ ስድስት የአውራ ጣት አሻራ።

አሻራው የእውነት ነው። የሚያንገበግበውም እሱ ነው። የማኅተም ቀለሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣታቸውን አንድ በአንድ የያዘችው ራሷ የሺመቤት ናት፣ ምንድነው የምንፈርመው የሺ፣ መጥታችኋል ለማለት ነው አዴ፣ ሌላ ነገር የለውም፣ ወላሂ በይ፣ ወላሂ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ክርስትና የተነሳች፣ በሰው መሐላ ማለች። ያን ጊዜ እውነቷን ነበር። ፋዱማም ወደ ሴቶቹ ዞራ በኦሮምኛ፣ የእኛው ልጅ ናት፣ ፈርሙ።

የእኛው ልጅ።

ለዚያ ምላሷ ነው የተቀጠረችው፣ ጎረቤት ግቢ ስትጫወት የለቀመችው ኦሮምኛ አሁን በሥራ ልምድ ማስረጃዋ ላይ ተጽፏል። የአሻራውን ወረቀት ርዕስ ግን የቀየረው ዓለምሰገድ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ተሳታፊዎች የሚለውን አጥፍቶ በእንግሊዝኛ ስምምነት አለው፣ ኧረ ዓለምሰገድ፣ ይሄ እኮ መገኘታቸው ብቻ ነው፣ የማይስማማ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል፣ አቦ የሺ አታካብጂ፣ ደንበኛው ለሐሙስ ይፈልገዋል። አላካበደችም። የገጽ ቁጥሩን አስተካክላ አስረከበችው። አማካሪ ማለት እንዲህ ነው፣ ደንበኛው የወሰነውን አድምጦ ሲያበቃ መልሶ ያንኑ የሚመክር፣ በጥራዝ፣ በባለቀለም ሽፋን፣

አሥራ ሦስት። ዓለምሰገድ በአገጩ ይጠቁማታል፣ ቀጥይ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። መብራት ቢጠፋ፣ ዛሬ እንኳ ቢጠፋ ምን አለበት፣ አይጠፋም፣ በእጇ ያለውን የስላይድ መጫኛ ትጫነዋለች።

ግድግዳው በጣት ይሞላል።

ያቺ የእኔ ናት! ብድግ ብላለች ፋዱማ፣ ያቺ፣ ጠባሳ ያላት፣ ቢላ የቆረጣት! አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ያጨበጭባል፣ ዓለምሰገድ ከሁሉ አስበልጦ፣ ፋዱማም እንደ ሙሽራ እናት እየሳቀች ትቆማለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ በኦሮምኛ፣ ከላይ ምን ይላል የሺ፣ እስኪ አንብቢልን።

ርዕሱ በእንግሊዝኛ ነው። ማንበብ የሚችሉት አንብበውታል፣ ኦሮምኛውንም የሚሰሙ ሞልተዋል፣ አንዳቸው ይናገሩ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ አንዱ ውሃ ይጠጣል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ንገሪያት፣ ሁለት ቃል ነው፣ ተስማምታችኋል ይላል በያት፣ ጅቡን ታነሳዋለች፣ እዚሁ ታነሳዋለች፣ ማንም ሊያስቆማት አይችልም፣ ንገሪያት፣ የሺመቤት አፍ ተከፍቷል፣

መጥታችኋል ይላል፣ አዴ።

አልሐምዱሊላህ፣ ትላለች ፋዱማ፣ መጥተን ነበር እኮ፣ ለጎኗ ሰው ሁሉ ትነግራለች፣ ሻሿን አስተካክላ ትቀመጣለች፣ ወላሂ በይ አላለቻትም፣ ዛሬ አላስማለቻትም፣ ብታስምላት ኖሮ ምናልባት፣ ምናልባት፣ የሺመቤት አውራ ጣት መጫኛው ላይ ነው፣ አሥራ አምስት፣