ሳይቀነስ ይነበብልኝ

ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ያገኘሁት ብቸኛ ሥራ ከሙታን ጋር ነው። በእኛ ብሎክ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሰው በሞተ ቁጥር የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ኣስገዶም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ይወጡና «ኬብሮን፣ በቀብር ላይ የምትነበብ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ» ይሉኛል። እኔም እጽፋለሁ። ከእናታቸው ከእንትና፣ ከአባታቸው ከእንትና ተወለዱ፤ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከነዚህ ደራሾች ግማሾቹ ደረጃ ላይ ሰላም ስላቸው እንኳ የማይመልሱ ነበሩ።

እናቴ፣ ለተሃይማኖት፣ በዚህ ሥራዬ ታሾፍብኝ ነበር። ምኞቷ አካውንቲንግ ተምሬ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለው የአጎቴ ሱቅ እንድገባ ነበር። «ተረት ተምሮ ማን በላ?» ትለኛለች። ሥራ ፍለጋ የረገጥኩት ቢሮ ሁሉ በምን እንደተመረቅኩ ሲሰማ፣ ለቅሶ የመጣ ይመስል ፊቱ በሐዘኔታ ይለሰልሳል።

ጉበቷን ታማ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ይዘሃት ሂድ ካሉኝ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝ።

«ለሁሉም ትጽፋለህ። የኔንስ?»

«እማ፣ ተይ እንጂ!»

«ምን ተይ አለው? ከሞትኩ በኋላ አገር ሊሰማው ነው። እኔ ባለታሪኳ መቼ ልስማው? አሁን ጻፍና አንብብልኝ።»

የተማርኩት ነገር ምን እንዳደረገኝ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ መምህራችን «ሰው የሚደብቀውን ተዉት፤ እንዴት እንደሚደብቀው እዩ» ይሉን ነበር። ከዚያ ክፍል በፊት እናቴ ለእኔ ምሳና ቁጣ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን አየኋት። ትግራይ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በየማለዳው ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ደረጃው ትወጣና እዚያ ላሉት እናቷ ትደውላለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትለዋን ሴት በአማርኛም በእንግሊዝኛም እስከ መጨረሻው ትሰማታለች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ትገባና ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራኛለች። መስመሩ ሲከፈት አያቴ ከሞቱ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። እናቴ ጊዜው አስፈርቷት ድንኳን አላስተከለችም። ጎረቤት ስለ እናቷ ሲጠይቃት «ደህና ናቸው» ትል ነበር።

ይህን ጻፍኩ። ሩኅሩኅ የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስገባሁም። ሳነብላት ዐይኗን ጨፍና ሰማች።

«ደረጃው ላይ ታየኝ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«እኔ እኮ ማንም ሳያውቅልኝ የምሞት ነበር የመሰለኝ» አለችና ብዙ አለቀሰች። ሲበቃት እጄን ያዘች። «መማርህ ለዚህ ከሆነ፣ ይሁን። ግን ሳይቀነስ ይነበብልኝ። እናቴን ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኳትም። ቀብሬ ላይ ሰው ሲሰበሰብ አንዴ ያልቅስላት።»

ያን ቀን ደስ አለኝ። እናቴ እየሞተች በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ዐረፈች። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ይደገፋል እንጂ አያነብም፤ ስለዚህ ገጹን ለጋሼ ኣስገዶም ሰጠኋቸው።

«ኑዛዜዋ ነው፤ እንዳይቀነስ» አልኳቸው።

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ።

ልደታ ማርያም ፍትሐቱ አልቆ፣ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ፣ ጋሼ ኣስገዶም መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። የአያቴ ስም በትውልድ መስመሩ ላይ ተጠርቶ ዐለፈ። ቀጥሎ «ሳቂታና ተጫዋች፣ የሰርግ ቤት ድምቀት ነበሩ» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ሰርግ ቤት ከሄደች ስንት ዘመኗ! ዐረፍተ ነገሮቹን ዐወቅኋቸው። አምና ለሞቱት ለእማማ ወለተሰንበት የጻፍኳቸው ናቸው። ስም ብቻ ተቀይሯል።

«እሷ አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። «ይቺ እናቴ አይደለችም!»

ባልጮህ ይሻል ነበር። የእናቱን ሞት አልቀበልም ያለ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ሴቶቹ ድምፄን ሲሰሙ እሪ አሉ፤ የደገፉኝም አጥብቀው ያዙኝ። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህም?» አለኝ አንደኛው። በጮኽኩ ቁጥር ለቅሶው እየደመቀ ሄደ፤ አፈሩም ተመለሰ።

ድንኳን ውስጥ ጎረቤታችን እትዬ ጠጅቱ ጉንጬን ሳሙኝ።

«እንዴት አርገህ ነው የጻፍክላት! ቁጭ ብላ ያየኋት ነው የመሰለኝ። ለካ መማር ደግ ነው!»

ጋሼ ኣስገዶም አጠገቤ ተቀምጠው ገጼን ከኪሳቸው አወጡና ሰጡኝ።

«ደጋግሜ አንብቤዋለሁ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም እንደሷ ስደውል ነው የከረምኩት። የኔም እናት እዚያው ነበሩ። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ላንብበው? ማን እንደሚሰማ አታውቅም፣ ማን እንደሚያወራ አታውቅም። አቃተኝ፣ ልጄ።»

ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«ደግሞ ቅር አይበልህ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ያነበብኩት ያንተኑ ጽሑፍ ነው። ከሌላ ሰው አላመጣሁም።»

እውነታቸውን ነው። የኔው ጽሑፍ ነበር።