የኦቶካር ጉልበትና የቬንዴሊን ግብዣ

ቬንዴሊን ሰው ጋበዘ የሚል ወሬ ቪየና ውስጥ ቢሰማ ኖሮ ትራሞቹ ሁሉ ባሉበት በቆሙ ነበር። ይህ ሰው የአትክልተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ሃያ ዓመት ሲኖር ለአንድ ፍጡር አንድ ስኒ ቡና ገዝቶ አያውቅም። ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ ግማሹን ለራሱ አስቀርቶ ነው ይባላል። በዚያ የግንቦት እሑድ ግን ማለዳ የኦቶካርን በር አንኳኩቶ፣ «ተነስ፣ ከተማችንን እንዙር። እኛ ተወልደንባት የሚያያት እንግዳ ብቻ ነው። ወጪ የለውም፤ ዳቦውን እኔ ይዣለሁ» አለው።

ዳቦውን እኔ ይዣለሁ! ኦቶካር ይህን ሲሰማ በጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ የወረደ መሰለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩ።

የሚጠረጥርበትም ምክንያት ነበረው። ኦቶካር ሠላሳ አምስት ዓመት ትራም ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱም የሞተችበት ሰው ነው። በዚህ ዓለም የቀረችለት ነገር ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ማኅበሩ ያከራየው የአትክልት ቦታ ናት። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ ፍሬዋ ግን ሌላ ነው። ቲማቲሟ የሕፃን ራስ ያህላል፤ አንድ ዓመት ዱባዋን ለማንሳት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠርተዋል። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ ቦታውን ለመንከባከብ አቅም ያነሰው ሰው ለተረኛው ይለቅቃል። ተረኛ ለመሆን አሥራ አንድ ዓመት ይጠበቃል። ዘንድሮ በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው ማን ሆነና? የቬንዴሊን የእህት ልጅ ባል። የኦቶካር ግራ ጉልበት ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ በታጠፈ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።

«ገባኝ» አለ በልቡ፣ ጫማውን እያሰረ። «ሲያዞረኝ ውሎ ሊያሳነክሰኝ ነው። ነገ ለኮሚቴው ‹አንካሳ ሆኗል› ሊል።» ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ እንደሆንኩ እንደ ሚዳቋ ነኝ» አለ።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ቬንዴሊን።

መጀመሪያ የወሰደው ወደ መቃብር ነው። እርግጥ ቪየናውያን እሑድ መቃብር መሄድ ይወዳሉ። ነጻ ነው፣ ጥላ አለው፣ የሚረብሽ ጎረቤት የለውም። ዛሬ ግን ለኦቶካር እያንዳንዱ ሐውልት በጣቱ የሚጠቁመው መሰለው።

«ደስ አይልም?» አለ ቬንዴሊን ከአንድ የዕብነ በረድ መልአክ ሥር ቆሞ። «ፀጥታ፣ ወፍ። ሰው ሲያረጅ ማረፍ አለበት።»

«ማነው የሚያርፈው?»

«ሰው። በጠቅላላው።»

«እኔ በጠቅላላው ውስጥ የለሁም።»

ቬንዴሊን ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጫረ። ኦቶካር አንገቱን ቢያሰግግ ደብተሩ ተከደነ።

ከዚያ ወደ ሾንብሩን ሄዱ። ቤተ መንግሥቱን ማየት ያስከፍላል፤ ከጀርባው ያለውን ኮረብታ መውጣት ግን በነጻ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኦቶካር ከታች ካለው ኩሬ ዳር ተቀምጦ የሚወጡትን ይታዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት የተማሪ ቡድኖችንና አንድ አዳኝ ውሻን ቀድሞ ወጣ። መሐል ላይ ጉልበቱ የጮኸው ጩኸት አምስተኛው ወረዳ ድረስ ተሰምቷል፤ እሱ ግን ወዲያው በፉጨት ሸፈነው።

«ለምን ትሮጣለህ?» አለ ቬንዴሊን እያለከለከ ደርሶበት።

«እየሮጥኩ ነው እንዴ? እኔ እኮ አረማመዴ ይህ ነው።»

ቬንዴሊን እንደገና ጫረ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ፈቱ፤ በቀይ በርበሬ የተለወሰ አይብ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ነው። ቬንዴሊን ትልቁን ግማሽ ለኦቶካር ዘረጋለት። ኦቶካር ዳቦውን አሸተተው።

«ምን አለበት?»

«አይብ።»

«ከአይቡ ሌላ?»

«ሽንኩርት። ምነው፣ እመርዝሃለሁ እንዴ? መርዝ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለህ?»

ይህ ኦቶካርን ትንሽ አረጋጋው፤ የሚያውቀው ቬንዴሊን ይኸው ነው። ግን መረጋጋቱ ከዳቦው ቀድሞ አለቀ፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ደርሰው የደወል ግንቡ ደረጃ ሥር ሲቆሙ፣ ቬንዴሊን ቦርሳውን ከፍቶ የሁለቱንም መግቢያ ከፈለ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም፤ ይችኛዋ ከረሳች አይጡ ትልቅ ነው ማለት ነው።

«ሦስት መቶ አርባ ሦስት ደረጃ ነው» አለ ቬንዴሊን። «ከደከመህ ይቅር።»

«እንዲያውም ሲያንስ!»

ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሆዱን ስቦ ይተላለፋል። መቶኛው ላይ ኦቶካርን ላብ አጠመቀው። ሁለት መቶኛው ላይ ቅዱሳኑን በየስማቸው ጠራ። ሦስት መቶኛው ላይ ቲማቲሞቹ በእህት ልጅ ባል እጅ ውሃ ተጠምተው ታዩትና ጥርሱን ነክሶ ወጣ። አናት ላይ ሲደርስ ግራ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆኖ ነበር። ፈገግ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ቬንዴሊን ከኋላው ደርሶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ደብተሩንና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ጻፍ እንግዲህ» አለ ኦቶካር። «ጉልበቱ ደህና ነው ብለህ ጻፍ። የእህትህ ልጅ ባልም ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ይጠብቅ።»

«እሱማ ወንዝ ማዶ ያለው ማኅበር ቦታ ሰጠው» አለ ቬንዴሊን ግራ ገብቶት። «ምን አገናኘው?»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዙረት ምንድን ነው?»

«አጥር ለኪ እንፈልጋለን።»

አጥር ለኪ ማለት በየበጋው ዘንግ ይዞ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ቦታ እየዞረ፣ የአጥሩ ቁጥቋጦ ከደረት በላይ ያደገበትን ሰው የሚያስቆርጥ ነው። ሰላም የሚለው የለም። የቀድሞውን የገዛ ውሻው እንኳ አኩርፎታል።

«አምስት ሰው ጠየቅን» አለ ቬንዴሊን። «አምስቱም የሐኪም ወረቀት አመጡ፤ ሁሉም ጉልበት፦ መቆፈር የሚችል፣ መዞር የማይችል። አንተንም ብጠይቅህ ታመጣ ነበር። አሁን ግን ማስረጃ አለኝ።» ደብተሩን አዞረለት። መቃብር፦ አላረፈም። ኮረብታ፦ ሮጠ። ግንብ፦ ቀደመኝ።

ኦቶካር በግንቡ መስኮት ቦታዋ ወዳለችበት ወደ ሐዲዱ አቅጣጫ አየ። አሁን «ጉልበቴን ያመኛል» ቢል ይጻፋል፤ የተጻፈ ጉልበት ቦታዋን ይወስዳል። ዝም ቢል አጥር ለኪ ነው። ከወጥመድ ሸሽቶ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ፣ ወጥመዱ አናት ላይ ቆሞ ጠበቀው። ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ።

«ዘንጉ ረጅም ነው» አለ ብዕሩን ሲመልስ። «ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ረዳት አለ፤ የሚመርጠውም ለኪው ነው። ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«አንተን መርጫለሁ። ‹ጉልበቴን› እንዳትለኝ፤ ከዚህ ግንብ አናት ላይ ሆኖ እንዲህ የሚል የለም።»

ኦቶካር ቬንዴሊን ይቆጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሰውየው ግን ደብተሩን ኪሱ ከትቶ፣ «ጥሩ» አለ።

«ጥሩ ምን?»

«ጥሩ ነው፣ በቃ። እንውረድ።»

ኦቶካር ግድግዳውን ይዞ በጎን በጎኑ ወረደ። በየደረጃው ያቺ «ጥሩ» ታሳክከው ጀመረች። ደረጃው ግማሽ ላይ ሲደርስ መታገሥ አልቻለም።

«ለምን ቶሎ እሺ አልክ?»

ቬንዴሊን ከፊቱ ቆመ፤ ሳይዞር፣ «እሑድ ብቻዬን መዞር ሰልችቶኛል» አለ።

ኦቶካር አንዲቱንም ቃል አላመነም።

«የሚመጣው እሑድስ ወዴት ነው?» አለ፤ ለማጣራት ያህል ብቻ።