ያልተሰፋ ነጭ

«ኧረ እጅህን!» ብላ ሪትማ ጮኸች፤ ግን ዘገየች። ፕራካር ከሳቁ ብዛት ራሱን ረስቶ የሱባሽን ጉልበት በመዳፉ ጧ አድርጎ መትቶት ነበር።

ሱባሽ ሳር ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጓደኛውን፣ በመጨረሻም በግቢው ጥግ የቆመውን ቧንቧ አየ። ጊዜው ጥር ነው። በጥር ወደ ፖካራ ከተማ ከተራራው የሚወርደው ውሃ አጥንት ይሰብራል።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ!» አለ ፕራካር፣ እጁን እንደ ሌባ ከጀርባው እየደበቀ።

«ይቅርታውን ለቧንቧው ንገረው። ከትናንት ወዲህ ሁለተኛህ ነው። አባቴን ልቡ ገደለው፣ እኔን ደግሞ አንተ በብርድ ልትጨርሰኝ ነው።»

«የካህን ልጅ እኮ ነው!» አለች ሪትማ። «ሐዘንተኛ እንደማይነካ እኛ እናስተምረው?»

«ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ የሆነ ነገር ሳልመታ ማውራት አልችልም። ምን ላድርግ?»

አባት የሞተበት ልጅ አሥራ ሦስት ቀን መርፌ ያልነካው ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ ጠጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቶ ለብቻው ይቀመጣል። በቀን አንዴ ጨው የሌለው ሩዝ ራሱ ቀቅሎ ይበላል። ማንም አይነካውም፤ ከተነካም እንደገና ታጥቦ ይነጻል። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ፕራካር ነበር። ግን ፕራካር ያደገው ከአባቱ ቤተ መቅደስ ይልቅ ጌም ቤት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሱባሽ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ታጥቦ ሲመለስ ሁለቱ ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸው። ጎረቤት ሰምቶ ይሆን የሚል ፍርሃት ይዟቸዋል። ደጃፉ ላይ የተቀመጠችው እናቱ ግን ሻሿን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። «ሟቹ ባሌ ራሱ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሰው ሳያስቅ የተመለሰበት ቀን የለም። እሺ፣ ሳሩ ውስጥ ተኛ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እማማ፣» ፕራካር ነፍስ ዘራ፤ አሁን ግን እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሯቸዋል። «ጌሙ እንዲህ ነው። መቶ ሰው ከአውሮፕላን ወደ አንዲት ደሴት ይወርዳል። እርስ በርስ ይታኮሳል። መጨረሻ ላይ ቆሞ የተገኘው አሸናፊ ነው። እኛ እንደወረድን ጠመንጃ ፍለጋ እንሮጣለን፤ አባባ ግን ሳር ፍለጋ! ረጅም ሳር ካገኙ ልጥፍ ብለው ይተኛሉ። ‹አባባ፣ ጠላት ፊትዎ ነው፣ ይተኩሱ እንጂ!› ስንላቸው ‹ምን አደረገኝ?› ይላሉ። ሰውዬው መትረየስ ተሸክሞ በአፍንጫቸው ሥር እያለፈ እኮ ነው ‹ምን አደረገኝ› የሚሉት!»

«ሁላችንም ሞተን እናልቃለን፣» ሪትማ ተቀበለችው፤ «ለሙዚቃ ስንዞር ሚኒባሳችን ውስጥ የእሳቸው ስልክ ብቻ በሕይወት ይቀራል። እሳቸው ደግሞ ወፍ ያያሉ። ‹ይቺ ወፍ እውነተኛ ትመስላለች› ይሉናል።»

«በመጨረሻ ሁለተኛ! አንድ ነፍስ ሳያጠፉ ከመቶ ሰው ሁለተኛ!»

«አንደኛ መውጣት ምን ከለከለው?» አለች እናቱ።

«ለዚያማ የቀረውን አንድ ሰው መግደል አለበታ» አለ ሱባሽ። «እዚያ ሲደርስ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። ‹እስከዚህ አድርሼዋለሁ፤ የቀረውን አንተ ታውቃለህ› ይለኛል።»

«አንተስ?»

«ወዲያው እሞታለሁ።»

እናቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ እንባ ሄደ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ሱባሽ ደስ አለው። አባቱ ከሞተ ሳምንት ሳይሞላው ደስ ሊለው መቻሉ ገረመው፤ ትንሽም አሳፈረው።

አባቱ ቲርታ ሞቱም እንደ አኗኗሩ ነበር። ሰህናይ የሚባለው የሰርግ መለከት ነፊ ነው፤ አሳዳጊው የሰርግ ቤት፣ እንጀራው ትንፋሹ። የመጨረሻዋን ሙሽራ እስከ መንደሯ ድንበር በሙዚቃ አጅቦ ሸኛት፣ ከዛፍ ሥር አረፍ አለ፣ በዚያው ቀረ። ሙሽራዋ እንኳ አልሰማችም። ሲነግሯት ሰርጌን አላበላሸብኝም ብላ ይበልጥ አለቀሰች አሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው ሱባሽ ድራም የሚመታበት ባንድ ለአንድ ዘፈን ሰህናይ የፈለገው። ልትለምነው የመጣችው ሪትማ ነበረች። ቲርታ ነገሩን በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ «ሙሽራው ማን ነው?» አለ። ሙሽራ የለም፣ የሙዚቃ ጉዞ ነው፣ ከከተማ ከተማ እየዞርን እንጫወታለን አለችው። «ታዲያ ሙሽራ ከሌለ ማንን ነው የምናጅበው?» አላት። ግን ሰህናዩን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሚኒባሱ ተሳፈረ። ለአንድ ዘፈን የመጣ ሰው ሦስት ጉዞ አብሯቸው ዞረ።

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ቀን ለምሳ ቡትዋል መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ወረዱ። ቲርታ ሩዝና ምስሩን ተቀብሎ ማንም ምንም ሳይለው ወጣና ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ሱባሽ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ዘራቸው የአጃቢና የልብስ ሰፊ ዘር ነው፤ ሰርጉን የሚያደምቁት እነሱ፣ ከሰርጉ ቤት ጣራ ሥር የማይገቡት እነሱ። ምግቡም እጅ ለእጅ እንዳይነካካ ከላይ ነበር የሚጣልላቸው። ዘመኑ ተለውጧል፣ ሕጉም ተለውጧል፤ የአባቱን እግር ግን ማንም አልነገረውም።  ፕራካርና ሪትማ ይህን መቼ ልብ አሉት! ሽማግሌው ፀሐይ ፈልገው ነው ብለው ሳህናቸውን ይዘው ተከትለው ወጡና ግራና ቀኝ አጠገቡ ተቀመጡ።

ፕራካር ሞሞ የሚሉትን ጥቅል ሊጥ ገምጦ የቀረውን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ስልኩን የቲርታ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «አባባ፣ እስኪ ይሞክሩት፤ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ» አለና ጣቱን ይዞ አሳየው። ቲርታ ስልኩን ሳይሆን የተያዘውን ጣቱን አየ።

«ልጄ፣ የቤተሰብህ ስም ማን ነበር ያልከኝ?»

«ኡፓድያይ» አለ ፕራካር፤ የካህናት ስም ነው።

«አባትህ ያውቃሉ?»

«ጌም እንደምጫወት? ያውቃሉ እንጂ! በዱላ ቢሉኝ በምክር አልተውኩም።»

ቲርታ ያን ቀን ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ስልክ የሚለየው ጠፋ።

ወደ ለቅሶው ቤት ቀትር ላይ ማንባሃዱር መጡ። የቲርታ ታላቅ ወንድም፣ ሱባሽ «ትልቁ አባባ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወንድማቸው ጋር ከበሮ ይመቱ ነበር፤ አንድ ቀን ከበሮውን ሰቀሉና ከተማ ሱቅ ከፍተው ሰው ሆኑ። ለወንድማቸው ሐዘን ሱቁን ዘግተዋል። ሲገቡ ሳቁ ተቆረጠ። ከሱባሽ ትይዩ፣ ሐዘንተኛው እንዳይነካ በአመድ ከተሰመረው መስመር ማዶ ተቀመጡ።

«ነገሩን አውጥቼ አውርጄ ጨርሻለሁ» አሉ። «አሥራ ሦስተኛው ቀን ሲወጣ ሐዘኑ አያበቃም። ዓመት ነጭ ትለብሳለህ። በዓል የለም፣ ሥጋ የለም፣ ሙዚቃ የለም።»

ሪትማና ፕራካር ተያዩ። ቀጣዩ የሙዚቃ ጉዟቸው ወር አልቀረውም። ቡትዋል፣ ዳራን፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ዳርጂሊንግ፤ ትልቅ መድረክ ሲጠራቸው የመጀመሪያቸው ነው።

«በእኛ ቤት ዓመት ማን አዝኖ ያውቃል?» አለ ሱባሽ ቀስ ብሎ።

«ማንም! ለዚህ አይደል እንዴ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «የካህናቱ ልጆች ለአባቶቻቸው ዓመት ያዝናሉ። የእኛ አባት ሲሞት በማግስቱ ከበሮ ተሸክመን ወጣን። ረሃብ ነበራ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ተቀመጠ። ሲሞት እንኳ እንደ ሰው ዓመት ይታዘንለት። እሱን ነው የምልህ።»

 ሰውዬው ተቆጥተው ቢሆን ሱባሽ መከራከሪያ አያጣም ነበር፤ የመጡት ግን በፍቅር ነው።

እሳቸው ሲወጡ ሪትማ ወደ መስመሩ ጠጋ አለች። «ዓመት ከሆነ ዓመት እንጠብቅሃለን።»

«ዳርጂሊንጎቹስ ይጠብቃሉ?»

«ገደል ይግቡ።»

«አንቺ ገደል ይግቡ ስትዪ ወር ሙሉ ታለቅሻለሽ፤ አውቅሻለሁ እኮ። ሌላ ድራም መቺ ፈልጉ።»

«ድራም መቺስ ይገኛል» አለ ፕራካር መሬት መሬት እያየ። «ሚኒባሱ ውስጥ እንዳንተ ቶሎ የሚሞት ግን አይገኝም።»

የቀሩትን ቀናት ሱባሽ ሩዙን እየቀቀለ ይህንኑ ሲያብሰለስል ሰነበተ። የፈራው ጉዞው መቅረቱን ብቻ አልነበረም። ድራሙ ፊት ቢቀመጥ፣ መብራት ቢበራ፣ ሕዝብ ቢያጨበጭብ፣ አባቱን የረሳ መስሎ ይታይ ይሆን? ረስቶስ ቢሆን? ግን ጣቶቹ ሳያዛቸው ጭኑን እየደለቁ ነበር፤ አባቱንም ከሁሉ አጥርቶ የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ጉንጩን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ሳያቋርጥ፣ በዓይኑ ጥግ «ና፣ ተከተለኝ» ሲለው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሥርዓቱ ተፈጸመ፣ ቤቱም ነጻ። ዘመድ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጨው ያለው ምግብ ከበላ በኋላ ማንባሃዱር የዓመቱን ነገር በሰው ፊት ሊያውጁ ተነሱ። ሱባሽ ቀደማቸው። ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ።

«ትልቁ አባባ፣ ዓመት ነጭ እለብሳለሁ። ሥጋ አልበላም፣ በዓል አላከብርም። ድራሜን ግን አልተውም።»

ግቢው በሹክሹክታ ተሞላ። «ይኼ ልጅ ደፈረ» አለች አንዲት ዘመድ፣ ሹክሹክታዋ ለሁሉም እየተሰማ።

«ለካህናቱ ልጆች ሙዚቃ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ በሐዘን ይተውታል። ለእኛ ግን ሥራችን ነው። እርስዎ ነገ ሱቅዎን አይከፍቱም?»

«እከፍታለሁ እንጂ፣ ታዲያ…» ማንባሃዱር ተደናገሩ። «መስፋትና መደለቅ አንድ ነው?»

«በእኛ ቤት መቼ ተለይቶ ያውቃል?» አለች እናቱ ከወደ ደጃፉ። ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

«አባባን በፊት በር ያስገባው ቤት አልነበረም» አለ ሱባሽ።  «እኔ ቤት ዘግቼ ዓመት ብቀመጥ ከዚህ ሰፈር በቀር ማን ያውቅለታል? ነጭ ለብሼ መድረክ ላይ እወጣለሁ። ቡትዋልም፣ ዳራንም፣ ዳርጂሊንግም። ሕዝቡ ማን ሞቶበት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሪትማ በማይክሮፎን ስሙን ትጠራለች፤ ቲርታ ፓሪያር ትላለች። በየከተማው፣ ዓመት ሙሉ። ይህ ሐዘን አይደለም ካሉኝ እቀመጣለሁ።»

ማንባሃዱር ባርኔጣቸውን አነሱና ለማንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

«አስቀየምካቸው» አለ ፕራካር፤ ከዚያም አሁን መንካት የተፈቀደ መሆኑን አስቦ፣ እጁን ዘርግቶ የሱባሽን ትከሻ ጨበጠ። ሱባሽ ግን ድሉ ድል አልመሰለውም።

በማግስቱ ማለዳ ማንባሃዱር ጣቃ ነጭ ጨርቅ በብብታቸው፣ ሜትራቸውን ባንገታቸው አድርገው መጡ። ሰላምታም አልሰጡ። «ቁም» አሉት። ሱባሽ ቆመ። «እጅህን አንሳ። እንደዚያ አይደለም! ያንን መርገምት ስትደልቅ እንደምታነሳው።»

ሱባሽ በሌለ ዱላ በሌለ ድራም ላይ እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ።

«ከዚያም በላይ ይነሳል?»

«መጨረሻ ላይ ይነሳል።»

«እንግዲያስ ብብቱን ሰፋ አደርገዋለሁ። ዳርጂሊንግ ላይ ቢተረተር የሚጠፋው የእኔ ስም ነው።» የእጁን ርዝመት ለክተው ለእናቱ ነገሯት፤ እሷም ወረቀት ላይ ጻፈችው። ደረቱን ለኩ፤ ጻፈችው። ከዚያ ከኋላው ዞረው ሜትሩን ከትከሻ እስከ ትከሻ ዘረጉ። ቁጥሩን አዩ። ሜትሩን አንስተው እንደገና ለኩ።

«ስንት ልበል?» አለች እናቱ።

«አትጻፊው» አሉ ማንባሃዱር። «ይኼን ልክ አውቀዋለሁ። ለወንድሜ ሰፍቼበታለሁ።» እጆቻቸውን ግን ከትከሻው ላይ አላነሱም።