ጧፍ የጠገበው በረንዳ

ወይዘሮ የኔነሽ የበረንዳው ጠርዝ አዳልጧቸው ሲወድቁ፣ የያዙት ንፍሮ ድንኳኑ ውስጥ እስካሉት ለቅሶ ደራሾች ድረስ ተበተነ። ጥግ ይዘው ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት ጎረምሶች ካርታቸውን ጥለው ተነሱ። እግዜር ይመስገን፣ ወገባቸውን ትንሽ ከመጋጨታቸው በቀር ሴትዮዋ ደህና ነበሩ። ጣጣው የመጣው ጋሽ ገበየሁ "ምንድን ነው እንዲህ የሚያዳልጠው?" ብለው ጎንበስ ያሉ ጊዜ ነው። ጠርዙን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን እህታቸውን ሸዋረገጥን አዩዋት።

"ሰም ነው" አሉ። "የጧፍ ሰም።"

ለሸዋረገጥ ነገሩ ወዲያው ገባት። የልጇ የአብነት ሠልስት ነው፤ የንስሐ አባቱ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ጸሎት ጨርሰው መንገድ ላይ ናቸው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው የአብነት መንፈሳዊነት ነበር። ወሬውን የዘራችው ደግሞ ራሷ ሸዋረገጥ ናት። ለቤተ ክርስቲያን ብላ ገዝታ ቁም ሳጥኑ ላይ የምታስቀምጠው ጧፍ አምና ይጎድል ጀመር። አይጥ ጧፍ አይወስድም። እናት ናትና ደስ ያላትን አሰበች፤ "ልጄ ሳይነግረኝ ኪዳን ይሄዳል" ብላ ለሰፈሯ ለአወቱ መንደራ ሴቶች ሁሉ አወራች። አብነት ሲሰማ ሳቀ እንጂ አላስተባበለም። ለካስ ልጁ ጠዋት ማታ የሚሳለመው ይህንን ጠርዝ ኖሯል!

ጠርዙን ያሠራትም እሱ ነበር። ቤቱ ሲታደስ "እማዬ፣ በረንዳው ዝቅ ብሎ ይርዘም፣ ግቢውም ሊሾ ይሁን፤ ከሊሙ ገነት የሚመጣልሽን ቡና ታሰጪበታለሽ" አላት። አመነችው። ሲሚንቶውን ራሱ አቡክቶ ራሱ ለሰነው። ሊሾው በደረቀ ማግስት ግን ቡናው ሳይሆን ስኬትቦርድ የያዙ የጅማ ልጆች ግቢውን ሞሉት። አብነት አራት ጎማ ባላት እንጨት ተንደርድሮ ይመጣና ዘሎ ጠርዙ ላይ ይወጣል፤ የቦርዱን ሆድ፣ ለካስ በጧፍ ባለሰለሰው ሲሚንቶ ላይ፣ እያንሸራተተ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሸዋረገጥ ዓይኗን በእጇ ትሸፍናለች፤ ከዚያ ደግሞ በጣቶቿ መሃል ታያለች። ጫፍ ደርሶ ሲወርድ የሚስቀውን ሳቅ ሌላ ቦታ ስቆት አያውቅም። ቡናዋን በጆንያ አድርጋ ጎረቤት ግቢ ታሰጣ ነበር፣ ምን ታድርግ።

አዲስ አበባ ውድድር አለ ብሎ ሄደ። ሲመለስ ሚኒባሱ ሰኮሩ አጠገብ ተገለበጠ። ቦርዷ ትንሽ ተጭራ ቤቷ ገባች።

"ልጁን እዚያ መንገድ ላይ የጣለው ይኼ እንጨት ነው" አሉ ጋሽ ገበየሁ። "በላዩ ላይ ደግሞ የእግዚአብሔርን ጧፍ! አባ ሳይመጡ ጠርዙ ይፍረስ። መዶሻ አምጡ።"

መዶሻው መጣ። የአብነት ጓደኛ ጅብሪል፣ ከቀብሩ ጀምሮ ከዚህ ግቢ ያልጠፋው፣ ውሃ የሚቀዳበትን ጀሪካን አስቀምጦ ሄደና ጠርዙ ላይ ቁጭ አለ።

"ማሎ ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። በእጁ የሠራው ይኼ ብቻ ነው የቀረው።"

"ተነስ ብዬሃለሁ!"

ጅብሪል አልተነሳም። ጋሽ ገበየሁ መዶሻውን ጨበጡ። ከኋላ አንዷ ለጎረቤቷ "ኪዳን ይሄዳል ስትለን፣ ወይ ጉድ" ስትል ሸዋረገጥ ሰማቻት። ዓይኗ እያየ የልጇ ስም ሊረክስ፣ የእጁ ሥራም ሊፈርስ ነው። ደግሞ ወንድሟ አባት ሆነው ነው ያሳደጓት፤ አንድ ቀን ቃል መልሳላቸው አታውቅም። ከፍራሹ ተነሳች።

"ጋሼ፣ መዶሻውን ያስቀምጡ።"

"ሸዋዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። የምትዪውን አታውቂውም።"

"አውቀዋለሁ። ጧፉን ለልጄ ነፍስ ብዬ ነበር የምገዛው። ነፍሱ ያለችው እዚህ ከነበረ ምን ላድርግ?"

ከልጇ ፎቶ ፊት የሚበራውን ጧፍ አነሳች፣ በሁለት ጣቷ አጠፋችው፣ ጠርዙ ስር ተንበረከከች። ወንድሟ በጥፍራቸው የፋቁትን ቦታ በእጇ ፈልጋ አገኘችው፤ ጧፉን ታሸው ጀመር። የንስሐ አባቱ በበሩ ሲገቡ ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ጋሽ ገበየሁ መዶሻው በእጃቸው እንደተንጠለጠለ ቆሙ። እሷ ብቻ ቀና አላለችም።

ጅብሪል ወደ ጆሮዋ ዝቅ አለ።

"በስሱ ነው እትዬ። ሲበዛ ቦርዱን ይይዘዋል።"

"እሺ" አለች፣ እጇንም አላላች።