የፊርደውስ ፍየልና ሁለቱ ዛፎች

አቶ ደጅይጥኑ አሥር ዓመት ፓርላማ ሲቀመጡ አንድም ሰው አላስቀየሙም ይባላል። ደጋፊና ተቃዋሚን ሲያስታርቁ የተመላለሱበት ምንጣፍ ሳስቶ ሁለቴ ተቀይሯል፤ ያላመነ ሄዶ ይይ! አሁን ሰቆጣ ውስጥ የአንድ የእንስሳት ጤና ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ናቸው።

ልትመረቅ ወር የቀራት የተማሪዋ የፊርደውስ ጉዳይም እሳቸው እጅ ወደቀ። ለትምህርት የቀረበችውን በሽተኛ ፍየል ደብቃ በምትኳ የአባቷን ጤነኛ ፍየል አስራ ነበር። መምህር ይሄይስ በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «ሳንባዋ አልቋል፤ ሳምንት አትቆይም» አሉ። ፍየሏ ማስታወሻቸውን ቀረጣጥፋ በላች። ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ የፊርደውስ ሥራ መሆኑ ታወቀ።

«ወይ እሷ ትባረር፣ ወይ እኔ ልልቀቅ!» አሉ መምህሩ።

ፕሬዝዳንቱ እንደ አገሩ ሽማግሌ ሁለቱን ለየብቻ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ቃል ያመላልሱ ጀመር። ፊርደውስ፣ «ፍየሏን ሳይነኳት ነው የፈረዱባት በሏቸው» ብላ ላከች። እኒህ ሰው ይህን እንዴት አድርገው ይናገሩት ይሆን? አላስቻላትም፤ ከኋላ ተከትላ ቁጥቋጦ ውስጥ አደባች።

«መምህሬን አሳፍሬ እህል አልወርድ አለኝ ትላለች» አሉ ፕሬዝዳንቱ።

«እኔም ብሆን የፍየሏን ደረት ሳላዳምጥ ቸኩያለሁ» አሉ መምህር ይሄይስ።

ፕሬዝዳንቱ ሲመለሱ ፊርደውስ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። «ጋሼ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። አሁን ሄደሽ ትያለሽ።»

ሄደች። ከትናንት ጀምሮ እውነትም እህል በአፏ እንዳልዞረ ትዝ ያላት መምህሩ ዛፍ ሥር ስትደርስ ነው።